በክርስትና ስምሽ የተጻፈው

ቢቸና፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለወይንእሸት
አሶሳ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የአሶሳ ሙቀትስ እንዴት ያዘሽ? እኛ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። እናትሽም ደኅና ናት። እንዲያውም ከመቼውም ይልቅ ደስ ብሏታል፤ እኔን የጨነቀኝም እሱ ነው።

ይኸን ደብዳቤ የምሰጠው ለጓደኛሽ ለየትናየት ወንድም በእጁ ነው። ስልክ ቁጥርሽን እንደ ቀየርሽ ነግሮኛል። አዲሱን ስጠኝ አላልሁትም፤ ብትፈልጊ ራስሽ ትሰጪኝ ነበር። ደግሞ ይኸ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። እናትሽ ከአጠገቤ መች ትጠፋና።

ከሞጣ ሆነሽ «አባዬ፣ ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ማን ነገራቸው?» ብለሽ ስልኩን የዘጋሽብኝ ቀን መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ባይኖረኝ ይሻለኝ ነበር።

ባልሽ ቢያድግልኝ መጥቶ ነበር። ቤት ግባ ብለው እምቢ አለ። መናኸሪያው ጥግ ቆመን ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ለካ ጽሑፍም ፎቶ ይነሣል። መነጽሬን አድርጌ አነበብሁት። ከላይ በሠርግሽ ቀን አንቺና እናትሽ ተቃቅፋችሁ የተነሣችሁት አለ። ከጎኑ የእናትሽ ስም፣ ማናለሽ፣ ከነአባቷ። ከዚያ ቀጥሎ የክርስትና ስምሽ። እኔ እንኳ እዚህ አልጽፈውም፤ ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይጠንቀቅ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ባሏም አማቷም አያውቁም፤ ኪኒኑን ተደብቃ ነው የምትውጠው። ዘንድሮ ደግሞ ተነሥቶባታል። አስቡልኝ።»

ልጄ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ቢያድግልኝ አልተቆጣም። ቢቆጣ እኔም ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። «አባባ፣ በሽታውን እችለው ነበር። ጎማ ሳስጠግን ከሰው ስልክ ላይ ነው ያነበብሁት» አለኝና መኪናው ሊሄድ ሲል ገባ። እናቱ ሳህንሽንና ሲኒሽን ለብቻ ማስቀመጧን እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ። አረፋው ይጋባል ብለው የሚያምኑ ሰዎች ምን ይደረጋሉ። ታስተምሪበት የነበረው ኬጂም «ወላጆች ተነሡብን» ብሎ አሰናበተሽ። ሕፃናቱ ላይ ወድቀሽባቸው ታውቂያለሽ? አታውቂም። ግን ማን ይጠይቃል።

ማታውን እናትሽን በዘዴ አወጣጣኋት። ፌስቡክ ላይ አንድ መንፈሳዊ ገጽ አለ፤ የማን እንደ ሆነ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። «የክርስትና ስማችሁንና የልባችሁን ጭንቀት ከታች ጻፉ፣ በገዳም ይጸለይላችኋል» ይላል። እሷም ጻፈች። ለቄሱ ብጣሽ ወረቀት እንደ መስጠት ነው የመሰላት። ማን ያነበዋል ብላት «መነኮሳቱ ናቸዋ!» አለችኝ። የዓለም ስምሽን ደብቃ፣ ሰው በማያውቀው ስም ስላስያዘችሽ ኮርታበታለች። ፎቶሽ ከጎኑ መቀመጡን ልብ አላለችውም። ባለፈው ፋሲካ መጥተሽ ያንን ፌስቡክ የከፈትሽላት፣ የሠርጉንም ፎቶ የመረጥሽላት አንቺ ነሽ። መውቀሴ አይደለም። ፊትሽን እያየች ትጽናና ብለሽ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት በቢቸና ስልክ ቤት፣ ማዞሪያው ላይ ነው። «ሞጣ፣ ሞጣ፣ ቢቸና ነኝ» እያልሁ ስንቱን አገናኘሁ! ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ የማን ልጅ እንደ ታሰረ፣ ማን በሌላ ሰው ሚስት እንደ ታመመ ሁሉ በዚህ ጆሮ አልፏል። እናትሽ «ዛሬ ምን ሰማህ?» ስትለኝ «ዝናብ ሊመጣ ነው» እላት ነበር። ነገሩ ሲከፋ መስመር ተበላሸ ብዬ ገመዱን እነቅላለሁ። ይኸኛው ገመዱ የት እንዳለ ማን ያሳየኝ?

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለውን ሰማውን ታውቂዋለሽ፤ እሱ ዘንድ የእናትሽን ስልክ ይዤ ሄድሁ። ጽሑፉን አጠፋልኝ። ጠፋ ወይ ብለው፣ «ከዚህ ጠፍቷል ጋሽ ከፋለ፤ ፎቶ አንሥተው ከላኩት ግን እኔ ምን አደርጋለሁ» አለኝ። ለማን ነው አቤት የሚባለው? ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ በር ላይ ትንሽ ቆሜ ተመለስሁ። ሚስቴ ለልጄ ጸሎት ስለ ጠየቀች ልክሰስ? ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ አፋፉ እንኳ በዓይን ይታይ ነበር።

ለእናትሽ አልነገርኋትም። ይኸን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት። አሶሳ የሄድሽው የተሻለ ሥራ አግኝተሽ ነው ብያታለሁ። ለመናገር አፌን ስከፍት «ስንት ሰው አሜን አለላት መሰለህ!» ትለኛለች፤ አፌን መልሼ እዘጋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ልጅሽን ከትዳሯም ከእንጀራዋም ያስወጣሻት አንቺ ነሽ ብላት ያች ሴት በሕይወት የምትሰነብት አይመስለኝም። ዝም ብል ደግሞ ትደግመዋለች። ስልኩን ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀብሬ ተበላሸ አልኋት። አለቀሰች፤ አንቺን የምታይበት እሱ ብቻ ነው። እኔም ሲጨንቀኝ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። የተማርሽ አንቺ ነሽ፤ ምን ልበላት? ብቻ ቂም አትያዢባት። ያዥ ከተባለ በእኔ ያዥ፤ እኔ እችለዋለሁ።

እዚያ አዲስ ኬጂ መቀጠርሽን የየትናየት ወንድም ሲነግረኝ ሌሊቱን ተኛሁ። የሚያውቅሽ ሰው በሌለበት አገር እንደ ገና ጀመርሽ። ይኸስ ይበቃታል፣ ይኸን እንኳ ይተዉላት አልሁ።

እዚህ ላይ ልቋጨው ስል እናትሽ ከጎረቤት፣ ከባንቺዓለም ቤት መጣች። ፊቷ በርቷል። «ለወይንእሸት ነው የምትጽፈው? ይኸንንም ጨምርልኝ» አለችኝ። የእሷ ስልክ ከተበላሸ ወዲህ በባንቺዓለም ስልክ፣ ሌላ ገጽ ላይ አስጽፋልሻለች። ባለፈው ስምሽን ብቻ ሰጥታ አገርሽን ስላልነገረች ነው አሉ ጸሎቱ ያልደረሰልሽ። አሁን በሽታሽን ብቻ ሳይሆን አሶሳ መሆንሽን፣ የትናየት ቤት መቀመጥሽን፣ የምታስተምሪበትን ኬጂ ሁሉ አስጽፋለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶሽንም ባንቺዓለም አንሥታ ጨምራበታለች።

ጉልበቴን ረስቼ ሮጥሁ። ባንቺዓለም «ምነው ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እየጸለየላት!» እያለች አጠፋችው። ከመጥፋቱ በፊት ግን ከሥሩ ያለውን አነበብሁ። አንዲት ሴት ከአሶሳ ጽፋለች፦ «አሜን። ልጅቱን አውቃታለሁ። የልጄ አስተማሪ ናት።»

ስመለስ እናትሽ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ያንኑ ባንቺዓለም ቀድማ አንብባላት ኖሯል። እጄን ያዘችና፣ «አየህ፣ እዚያም የሚያውቃት ሰው አገኘች! ይኸንን ሳትረሳ ጻፍላት፤ ደስ ይበላት» አለችኝ።

ይኸው ጻፍሁልሽ።

የሰው ጆሮ ይደፈንልሽ፤ የእግዜር ጆሮ ይከፈትልሽ። ከሄድሽበት ሁሉ ቀድሞሽ የሚደርሰው ቸር ወሬ ይሁን። ኪኒንሽን አታቋርጪ።

አባትሽ
ከፋለ