ጋቢዬ የደበቀው ሆድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 2014

ዛሬ ምራቴን ሰብለን የኮሮና ክትባት አስወጋኋት። ስድስት ወሯ ነው። ጎረቤታችን ጥሩወርቅ "መርፌው ያስወርዳል" ብላ ስላስፈራራቻት ሰሞኑን እንቅልፍ አጥታ ነበር። ያቺ ሴትዮ ደግ ወሬ ይዛ መጥታ አታውቅም። እኔ የምፈራው በሽታውን ነው። ሳሪስ ያለችው የእህቴ ልጅ እርጉዝ ሆና ሲይዛት ትንፋሽ አጥሯት አይቻለሁ።

የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ሆዷን በጋቢዬ ጠቅልዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ "እርጉዝ ነሽ?" ስትላት ወረፋው ሁሉ ይሰማ ስለነበር ቀድሜ "አይደለችም" አልኩ።

ሰብለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እማማ፣ እርስዎም ፈርተዋል ማለት ነው። በቃ እንመለስ" አለችኝ።

በስተርጅናዬ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ስሳሳት ዝም ብላኝ አታውቅም። ጋቢውን በገዛ እጄ ገለጥኩና፣ "ስድስት ወሯ ነው፤ ያየ ይይ" አልኩ።

ነርሷ ሳቀች። "ለእርጉዝማ ይመከራል እንጂ፣ እማማ።"

ሰብለ አንዱን ክንዷን ለመርፌው ሰጠች፤ በሌላው እጇ ጣቶቼን ጨምድዳ ያዘች።

ከመሸ ትንሽ አተኮሳት። ነርሷ ቀድማ ነግራናለች፤ እኔ ግን ግንባሯን መንካት አልተውኩም። ሲሰለቻት እጄን አንስታ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ይራገጣል።

አሁን ጋቢዬን እንደለበሰች ተኝታለች። እየበረደኝ ነው፤ ግን አልገፍፋትም።