ስለ «ተነሱ» ትርጉም ለኮረብታው አዛዥ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የኮረብታው ጦር ሰፈር አዛዥ፤

ወደ ቆላ ካወረዱን ከእኛ የተወሰደው ጤና የሆነ ቦታ ተቀምጦ እንደሆነ ሁሉም ለእርስዎ ይሁን እያልኩ፣ እንደምን ከርመዋል ስል በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ። እኛ የተረፍነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለን። እኔ ባለፈው ጥር አዋጅዎን ለኮረብታው ሰዎች በበርታ ቋንቋ የተረጎምኩልዎት የጨው ነጋዴው ኻሚስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፌዋለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ ነው፣ ሌላው በአሶሳ ገበያ ለሕዝብ ይነበባል። መልካም ሥራዎ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፤ አዋጅዎ «የኮረብታው ሰዎች ይነሱ» ይል ነበር። አማርኛን የተማርኩት ከነጋዴዎች ጋር ስጓዝ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነሱ ይባላል፣ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ይላል። ስለዚህ ለኮረብታው አርባ ቤት ሰው፣ ጌታው ሊመጡ ነውና ቆማችሁ ተቀበሏቸው ብዬ ተረጎምኩ። ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ዐይነ ስውሩ ሳይቀር ከጠዋት እስከ ቀትር በየደጃፉ ቆሞ ጠበቀዎት። አገር ልቀቁ ማለትዎ እንደነበር አላወቅሁም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እስክሞት ድረስ ያንገበግበኛል። ክቡርነትዎ ግን አክብሮታችንን እንደ ፌዝ ቆጥረው ቤቶቹን በማቃጠልዎ፣ የቃሉን ሁለተኛ ትርጉም ዳግም እንዳልረሳው አድርገው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ማሽላችን በየጎተራው አብሮ ስለነደደ፣ ስፈሩ ብለው እስከሰደዱን እስከ ዳቡስ ወንዝ ድረስ ከሸክም አሳርፈውናል።

ሦስተኛ፤ «የሰጠኋችሁ ቦታ ውሃ አያጣም» ብለው ነበር፤ እውነትዎን ነው። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ራሱ ቤታችን ድረስ እየመጣ ይጠይቀናል። አባቶቻችን ኮረብታው ላይ የሰፈሩት የቆላውን ንዳድ ሸሽተው ነበር፤ ይህን ሳይጠይቁን በመቅረትዎ ውድ ጊዜዎን ቆጥበዋል። የቀርከሃ ሠራተኛው ረጀብ ንዳድ ይዞት ሲንቀጠቀጥ፣ የላኩት ሰው መጥቶ አይቶት፣ ቦታው አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለመዳል አለ። እንዳለውም በዘጠነኛው ቀን ለመደው፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አላማረረም። ያን ቀን ነፍሰ ጡር ሆና በፀሐይ የቆመችው ዓኢሻ ወልዳ ነበር፤ ሕፃኑን በአርባኛው ቀን ቀበረችው። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ሰው ቀብረናል። የሚቆፍሩት ሰዎች እነርሱም ስለሚንቀጠቀጡ መቃብሮቹ ጥልቀት የላቸውም፤ በግዛትዎ ውስጥ ለተሠራው ለዚህ ደካማ ሥራ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አራተኛ፤ እናቴ ብኸይታ ከታመመች ሦስት ሳምንቷ ነው። የኮረብታው ነፋስ ቢያገኛት ትተርፍ ይሆናል ብዬ፣ በቀድሞ ደጃፏ ለአንድ ወር እንድትተኛ ልለምንዎት በቃሬዛ አስይዤ ከበርዎ አደረስኳት። በረኛዎ ቃሬዛውን አይቶ፣ «በጌታ ደጅ ተኝቶ አይለመንም፤ ትነሳ» አለ። ያን ቀን ቃሉ እኔ እንደተረጎምኩት ሆኖ ተገኘ። እናቴ አማርኛ አታውቅም፤ ያቺን ቃል ግን ታውቃታለች። ትከሻዬን ይዛ ተነስታ ቆመች። በረኛውም ቆማ ካያት በኋላ፣ መቆም የምትችል ሴት ምን ሆና ነው ብሎ መለሰን። ጌታዬ፣ ያን ሰዓት ጠላሁዎት፤ ለዚህ የሚሆን የትህትና ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ክረምቱ ሳይጠነክር እናቴ ወደ ኮረብታው እንድትመለስ ይፍቀዱልኝ። በሩ ላይ ቁሚ ከተባለች ደግፌ አቆማታለሁ።

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ድንኳንዎ ከፍ ካለው ቦታ አይውረድ፣ ንዳድም አድራሻዎን አይወቅ እያልኩ፣ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ፤

አስተርጓሚዎ ኻሚስ
ከዳቡስ ዳር፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፰፻፺፪ ዓመተ ምሕረት

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፤ ደብዳቤውን ሳላሽግ እናቴ ዐረፈች፤ ስለ አራተኛው ቁጥር መልስ ለመስጠት አይድከሙ። በሃይማኖታችን ሙታን ሁሉ ተነሱ የሚባሉበት ቀን አለ፤ በእናንተም እንዳለ ነጋዴዎቹ ነግረውኛል። ያን ቀን አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ እናቴም ትነሳለች፣ እርስዎም ይነሳሉ።