ከፍተኸው የሄድከው ሞተር

ጌትዬ የኔ፣

ካጣሁህ ዓመት ሊሞላ ነው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ሺያህ ሰፈራችን ላይ ዝናብ ጀምሯል። ያችው ክፍላችን ውስጥ ነኝ። ጓደኛዬ ዝናሽ ከማዳሟ ቤት ወጥታ አብራኝ ትኖራለች። አንተ በምትተኛበት በኩል ግን አላስተኛኋትም፤ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ታድራለች። አልተቀየመችኝም።

መኪናችንን እንደከፈትካት ነው ትተሃት የሄድከው። የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን አውርደህ፣ ከሥሩ የተቃጠለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀይረህ፣ መልሰህ ቡሎኖቹን ልታስር ስትል ደረትህን ያዝክ። «ምንም አይደለም፣ ድካም ነው» አልከኝ። ላብህ ግን የድካም አልነበረም። የአገራችንን ሴቶች ሁሉ በመኪናህ ሥራ የምታደርሰው አንተ፣ ራስህ የምትሄድበት አጣህ። የሰርቪስ ታክሲ ለምኜ ወሰድኩህ። ሆስፒታሉ በር ላይ «ኢቃማችሁን» አሉን። መኖሪያ ፈቃድ ከየት ይምጣ? ወደ ሌላው ስንሄድ መንገድ ላይ፣ ጭኔ ላይ አረፍክ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን አጠፋ።

የጽዋ ማኅበርተኞቻችን አዋጥተው አስከሬንህን ወደ አገር ላኩት። እኔ ወረቀት የለኝም፤ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ እንኳ ልሸኝህ አልቻልኩም።

መኪናዋ ደጅ ቆማ አቧራ ለበሰች። ጎማ ጠጋኙ ጎረቤታችን አቡ ዓሊ አዝኖልኝ «ያላ፣ በይ ተነሺ፣ እኔ አስርልሻለሁ» ብሎ መጣ። መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ፣ ከዳር ጀምሮ ባለ በሌለ ኃይሉ ተጫነው። ቡሎኑ ተበጠሰና ግማሹ ውስጥ ቀረ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ለብረት ሽጫት» አለኝ።

እምቢ አልኩ። የተሰበረውን ቡሎን፣ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር ጋራዥ የሚሠራ ባለሙያ መጥቶ አወጣልኝ። ከዚያ አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ ቡሎኖች ገዝቼ ራሴ ገባሁበት። መፍቻ እያቀበልኩህ ያየሁትን ነው ያደረግኩት። ቀዳዳዎቹን አጸዳሁ፤ ሁሉንም መጀመሪያ በእጄ አዞርኳቸው። ከመሃል ተነስቼ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እያልኩ ወደ ዳር ሄድኩ። በአንድ ጊዜ አላጠበቅኩም፤ ትንሽ፣ ከዚያ ጨመር፣ በመጨረሻ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ልክ ድረስ። ያ ልኩን የሚናገረው መፍቻህ ቀጭ ባለ ቁጥር እጄን አነሳሁ። «ያኒ፣ ምን ልበልሽ፣ ብረትም ይደክማል፤ ከልኩ በላይ አትሳቢው» ትለኝ ነበር።

ተነሳች። ዝናሽ እልል አለች። እኔ ግን ያን ቀን ተነስታ ቢሆን ኖሮ እያልኩ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አሁን ሴቶቹን እስከ ዛልቃ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ፍተሻ ባየሁ ቁጥር በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ሰሞኑን እናትህ ደወሉ። ስለ እኔ ነግረሃቸው አታውቅም፤ ስልኬን ከማኅበርተኞቹ ነው ያገኙት። ማን ነሽ አላሉኝም። «ዓይኑን ማን ከደነለት?» ብቻ አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄ» አሉኝ።

ሙት ዓመትህን በአንድ ቀን እናወጣለን፣ እሳቸው እዚያ፣ እኔ እዚህ። ቄሱ ምንሽ ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ ባሌ ነው እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ባሌ እያልኩ አስብሃለሁ።

ያንተው አስካለ