ነዳጅ ሞልቶት ሹፌር ስለጎደለው አምቡላንስ

ለተከበሩ የገንዘብ ጉዳይ የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን አብዝቶ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ፤ በእኛ ሰፈር ቢታመሙ ሐኪም ጋ የሚያደርስዎ የለምና። እኔ በአህያ ጋሪ ዕቃ የማመላልስ ሽማግሌ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጆሮዬ ግን ደህና ነው፤ ለድሃው አዝነው የነዳጅ ቀረጥ ዘንድሮም፣ ለሦስተኛ ዓመት፣ ሳይጨመር ባለበት እንዲቆይ መወሰንዎን በሬዲዮ ሰምቼ እንደ ድሃ ላመሰግንዎ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ አህያዬ ነዳጅ ስለማትጠጣ ከርኅራኄዎ አልደረሳትም። ባለ ሁለት መኪናው ጎረቤቴ ግን ሁለቱንም ጢም አድርጎ እየሞላ፣ ድሃ መሆን እንዲህ እንደሚጥም አላውቅም ነበር እያለ፣ ሲያልፍ አቧራውን ያካፍለናል።

ሁለተኛ፣ ከቀረጡ ጭማሪ ይገባል የተባለው ገንዘብ ስላልገባ የጤና ጣቢያችን በጀት ተቀንሶ የአምቡላንሱ ሹፌር ተሰናብቷል። መኪናው ግን በርካሹ ነዳጅ እስከ አፉ ሞልቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጥላው ለዶሮዎች ተስማምቷቸዋል። ባለ መኪናውን ፈርቶ ከበሽተኛው መቁረጥ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው የባለቤቴ ነው። ኩላሊቷ ስለደከመ ደሟ ሆስፒታል በማሽን መታጠብ አለበት። ባለፈው ሐሙስ በጋሪ ጫንኳት፤ አራት ሰዓት ተጉዘን ስንደርስ ተራዋ አልፎ ማሽኑን ሌላ ሰው ይዞታል። ስንመለስ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ እያጠራት እንኳ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብላ ሳቀችብኝ። አርባ ዓመት ስትሰድበኝ መልሼ እሰድባት ነበር፤ ያን ዕለት ግን ወርጄ ጋሪውን ከኋላ ገፋሁ።

ስለዚህ ቀረጡን ጨምረው ሹፌሩን እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ። የጋሪዬን ግብር ሲጨምሩብኝ ባለበት ይቆይ ያለልኝ አልነበረም፤ ከፈልኩ፣ አልሞትኩም። ባለ መኪናውም ቢከፍል አይሞትም። እሷ ግን ትሞታለች።

ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሳት (ወገቤ አልቀና ብሎኝ እንጂ ይህን ያህል እንኳ ባላጎነበስኩ)፣ የአውራ ጣቴን አሻራ ያኖርኩ፣

ባለ ጋሪው

ማሳሰቢያ፦ የጽሕፈቱ ማማር የእኔ አይደለም። ያሰናበቱት ሹፌር አሁን ጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ እየጻፈ ይኖራል፤ ይህንንም በነጻ የጻፈልኝ እሱ ነው። የፊታችን ሐሙስ ባለቤቴን በአምቡላንሱ ያለ ደመወዝ ሊያደርሳት ፈቅዷል። ቁልፉ ብቻ፣ እሱ ሲሰናበት ወደ መሥሪያ ቤትዎ ተወስዶ፣ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ለማምጣት የነዳጁ ነገር ካሳሰበዎት፣ እንደሚያውቁት ርካሽ ነው።