ጠዋት ጠዋት የሞላሁት ውሃ

አንተ ሊቁ!

መኪናህን ስታውሰኝ ኮፈኑን ከፍተህ፣ በጣትህ እየጠቆምክ፣ "የራዲያተሩ ውሃ ቶሎ ይቀንሳል፤ ጠዋት ጠዋት እዚህች ጋ ጨምር" አልከኝ። እኔ ሞኙ አምኜህ በየማለዳው ስሞላ ሰነበትኩ! ዛሬ ዳገቱ መሃል መኪናህ ፈላች። እናቴን በዚያ ፀሐይ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥካት። ጨጓራዬን ላጥከው!

እኛ ሰፈር ቢሆን ኮፈኑ ሳይከፈት አስር አዋቂ ይከበን ነበር። እዚህ የቆመልን አንድ መካኒክ ብቻ ነው፤ እሱም ሞተሩ እስኪበርድ ክዳኑን አላስነካኝም። ሲከፍተው ራዲያተሩ ደርቋል። "ታዲያ በየቀኑ የምጨምረው የት ገባ?" ስለው በሳቅ ፈረሰ። ለካ ያሳየኸኝ የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ መያዣ ነው! "ይቀንሳል" የምትለውም መስታወት ባጠብክ ቁጥር ነው! ያንተ ያለህ!

ኩላንት የሚሉት የሞተር ማቀዝቀዣ በትክክለኛው ቦታ ተሞልቶላት ተነስተናል። የፖስት ካርዱ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። እማዬ በፀሐይ ጠብሰሃት እንኳ "ልጄን እንዳትቆጣብኝ" ብላ ሰላም ብላሃለች። ሚስትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። ስመለስ ቁልፉን የማስረክበው ለሚስትህ ነው።