ባዶ ብዬ የቀባሁት ጀፎረ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለሃፊዛ፣ ኩዌት።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ባለፈው ያስቸገረሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ሙቀቱ ሲበረታ የቤቱ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ያሳርፉሻል? ትበያለሽ? እንቅልፍስ? እማዬ ይህን ሁሉ ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ ባትለኝም እጠይቅሽ ነበር። እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ደህና ነን ስል ማንም አልታመመም ማለቴ ነው።

ይህን ወረቀት የጎረቤታችን ልጅ ፈቲሀ ወደዚያ ስትመለስ በእጅሽ ትሰጥሻለች። በስልክ ለምን አልነገረኝም ትይ ይሆናል። ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ወሬዬ ወደ ዝናቡና ወደ ገበያው ይሄዳል፤ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም አብሬሽ እስቃለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ግን አይስቅልኝም።

ሥራዬን እማዬ ለሰው ስታስረዳ ሰምተሻል፤ «ከሰማይ የተነሣ ፎቶ እያየ አደጋው ሳይመጣ ይናገራል» ትላለች፤ ጠንቋይ ታስመስለኛለች። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ወልቂጤ ቢሮ ቁጭ ብዬ በሳተላይት ፎቶ ላይ ዳገቱን፣ አፈሩን፣ የዝናቡን ብዛት አንዱን በአንዱ ላይ እደርባለሁ። መሬቱ ሊንሸራተት የሚችልበትን ቀይ እቀባለሁ። ሰው ሸሽቶ የሚያርፍበትን አረንጓዴ። ዘንድሮ የጉንችሬን ዙሪያ ሠራሁ፤ የእኛንም ሰፈር ማለት ነው። ከሰፈራችን በታች እነ ሀቢቡ የሚኖሩበት ገደል ቀይ ሆነ። እሱ ላይ አልተሳሳትኩም። በሰኔ ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ከሀቢቡ ቤት በላይ መሬቱ ክንድ በሚያስገባ ስፋት ተሰንጥቋል።

የተሳሳትኩት አረንጓዴው ላይ ነው።

የሰፈሩ ሁሉ መንገድና አደባባይ የሆነው ጀፎረ ከላይ ሲታይ እንዲህ ነው፦ ረጅም፣ ሰፊ፣ ሜዳ። ግራና ቀኙ ጣሪያ። መሃሉ ላይ ቤት የለም፣ እንሰት የለም፣ ዳገት የለም። ኮምፒዩተሩ አረንጓዴ አደረገልኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ይዞታው የማን እንደሆነ በሚሞላበት ቦታ ላይ «ባዶ፣ ባለቤት የለውም» ብዬ ጻፍኩ። አንቺ የተዳርሽበትን። የአያታችን ለቅሶ የተቀመጠበትን። አጥሩን ትንሽ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቆም እያየን ያደግን ልጆች ነን። ምን ሆኜ ነበር? አላውቅም። ስሙን እያወቅሁ ቀለሙን አመንኩ።

በሐምሌ ዝናቡ ሲበረታ የቀበሌ ሰዎች ካርታውን ይዘው ሄዱ። እነ ሀቢቡንና ጎረቤቶቻቸውን ከገደሉ አወጧቸው። ጀፎረው መሃል እንጨት ተተከለ፣ ሸራ ተወጠረ። ሽማግሌዎቹም የችግር ጊዜ ነው ብለው ዝም አሉ። ከዚያ እማ ሰፍያ አረፈች፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለደችው። መሞቷን ሰምተሻል፤ እንዴት እንደተቀበረች ግን አልነገርንሽም። ጀናዛዋ በጀፎረው ሲመጣ ሸራው መንገዱን ዘግቶት ነበር። ቃሬዛውን የያዙት ቆሙ። ከዚያ ወደ ጓሮ ታጥፈው በእንሰቱ መሃል፣ በአጥር ቀዳዳ አሳለፏት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አባባ ነበሩ። ደውለው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «እንደ ሌባ በጓሮ አወጣናት» አሉኝ። ስልኩንም ዘጉት። ካርታውን የሠራው ማን እንደሆነ በሰፈሩ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። በማግስቱ ሀቢቡ ሸራውን ራሱ አወረደ። ማንም ውጣ አላለውም። ሚስቱ ጠይባ «የሰው ጀናዛ አሰናክለን እዚህ ምን ዓይን ይዘን እናድራለን» አለች አሉ። ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያው ገደል ተመለሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከዚያ ስንጥቅ በታች፣ ዝናቡ ሳያባራ። እኔ የቀባሁት ቀይ ውስጥ። ወልቂጤ ዝናብ በጣለ ቁጥር የቢሮው ቆርቆሮ ሲንጫጫ ካርታውን ከፍቼ ያንን ቀይ አያለሁ።

ዓርብ ዕለት ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። የጠራኝ የለም፤ ራሴ ሄድኩ። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩ። ጋሽ ሙሀመድአወልን ታውቂያቸው የለ፤ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። «ከሰማይ የምታየን አንተ ነህ? እስቲ የኔ ጣሪያ እንዴት ነው? ያፈሳል መሰለኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል «ጣሪያዬን አይተህ ደጄን እንዴት አጣኸው ልጄ?» አሉኝ። እንጨቶቹን በእጄ እንድነቅል፣ ጉድጓዱን ደፍኜ ሣሩን እንድመልስ ፈረዱብኝ። ይህ ቀላል ነበር። ቀጥለው ግን «ሰዎቹስ የት ይግቡ? ገደል አፍ ላይ ትተናቸው ነው እህል የምንቀምሰው?» ብለው ጠየቁ። ሜዳ የሆነው ሁሉ እንሰት ነው፤ እንሰት ደግሞ የቤት ጉሮሮ ነው።

እኔ ግን ሌላ ሜዳ እንዳለ አውቅ ነበር። ከቤታችን ጎን አባባ ለአንቺ ቤት ብለው ያስቀመጡት፣ የመሠረትሽ ድንጋይ የተከመረበት፣ ባሕር ዛፍሽ ዳሩ ላይ የቆመበት። ኮምፒዩተሩ እሱንም አረንጓዴ አድርጎት ነበር፤ በእጄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። «የተያዘ» ብዬ። የሁሉ የሆነውን ባለቤት የለውም አልኩ፤ የእኛን ደግሞ ሸሸግሁ። ይህን ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም። ለአንቺ ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

«የሃፊዛ ቦታ አለ» አልኩ። ጋሽ ሙሀመድአወል «ታውቃለች?» አሉኝ። «ታውቃለች፤ ተስማምታለች» አልኩ። እንዲሁ ከአፌ ወጣ። አባባ አጠገቤ ነበሩ። እንደዋሸሁ ያውቃሉ። መሬቱን በበትራቸው ጫሩ። ዋሽቷል ብለው ልጃቸውን አላዋረዱም፤ እኔ ግን እሳቸውን የውሸቴ ምስክር አደረግኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት እነ ሀቢቡና ሌሎቹም ገቡ። እኔ ጀፎረው ላይ ተንበርክኬ ሣር ስተክል ዕቃቸውን ተሸክመው በአጠገቤ አለፉ። ድንጋይሽን ደርድረው ከጭቃው ከፍ ያለ መኝታ አድርገውታል። ጠይባ «አንድ ድንጋይ አይጎድልባትም በላት፤ ባሕር ዛፏንም ፍየል አይነካውም፤ እንዲህ ያለች እህት አላህ ያቆይልህ» አለችኝ። አሚን አልኩ። ምን ልበል?

ስንት ዓመት በሰው ቤት ለፍተሽ ያስከመርሽው ድንጋይ ነው። ሳልጠይቅሽ ሰጠሁት። እምቢ ብትይ መብትሽ ነው፤ ግን እምቢታሽን ለእኔ ላኪው፣ ለአባባ አይሁን። ሌላ ቦታ ፈልጌ አስገባቸዋለሁ፤ ወደ ገደሉ ግን አልመልሳቸውም። ለዓረፋ ከአዲስ አበባም ከየትም ሰው ሁሉ ሲገባ ሽማግሌዎቹ ስምሽን ጠርተው ሊመርቁሽ ነው። እሺ አልሽም እምቢ አልሽ፣ ከምርቃቱ በፊት ተነሥቼ እህቴ አልሰማችም ነበር፣ ዋሽቼ ነው እላለሁ። አንቺ ባልሰጠሽው ነገር ስትመረቂ ቆሜ መስማት አልችልም። አንቺ ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰሚው ብዬ ነው አስቀድሜ የጻፍኩልሽ።

እማዬ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ቅቤና ሚጥሚጣ በፈቲሀ ልካልሻለች። ታናሻችን ሳላሀዲን አሥረኛን አልፏል፤ ጫማ አምጪልኝ ይላል፣ አትስሚው። አብራሽ ለምትኖረው ለቡታጅራዋ ልጅ ለአደይ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። አባባ ሰላም ብለውሻል። ስለ ቦታው ምን ልጻፍላት አልኳቸው። «የእኔን ሰላምታ ጻፍ፤ የራስህን ነገር ራስህ ጻፍ» አሉኝ።

ወንድምሽ ሙሀይሚን

ወልቂጤ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.