መመስከር እንጂ መስበክ አይደለም

ሆሳዕና ከተማ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የሆመቾ ብርድ ጠንቶ ይሆናል፤ የላክሁልሽን ጋቢ ለብሰሽዋል? እኔና ልጆቼ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን።

እማዬ፣ ሰሞኑን በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቱ ሜቶዲስት የሚባሉትን የጥንት ፕሮቴስታንቶች ታሪክ ሳስተምር ነበር። ድሮ እንግሊዝ አገር ሴቶቹ ጎረቤት እየሰበሰቡ ማድቤታቸው ውስጥ ይጸልያሉ፣ ያስተምራሉ። ጉባኤው በእነሱ በዛ። ሰበኩ ማለት ስላልተደፈረ መሰከሩ ተባለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲደላደል ደግሞ ለሴቶች ብቻ ተናገሩ አሏቸው። ሜሮን የምትባል ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ በእኛስ አገር እንዲህ ያለች ሴት ነበረች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንቺን አስታውሼ ክፍሉን ትቼ ወጣሁ።

የሆመቾ ጉባኤ የተጀመረው በአንቺ ጎጆ አይደል? እስከ ሞርሲቶ በእግርሽ እየሄድሽ ያመጣሻቸው አይደሉም ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት? ቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ግን ሴት ትመስክር እንጂ አትስበክ አሉሽ። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ የቆመ ሰው ሰባኪ ይባላልና፣ አንቺ መጽሐፍሽን እኔ ጭን ላይ ትተሽ ባዶ እጅሽን ትወጪ ነበር። ከዚያ ምዕራፉን ሙሉ በሀዲይኛ በቃልሽ ትወርጂዋለሽ! ሽማግሌው ጋሽ ጴጥሮስ፣ የዛሬው ምስክርነት ረዘመ እያለ ያጉረመርማል። ቤት ገብተን በሳቅ እንሞት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያናድደኛል።

ይኸው ጋሽ ጴጥሮስ ባለፈው ሳምንት እኔ ዘንድ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሴትም ትስበክ ብለው ወስነዋል። መጀመሪያ መቆም የሚገባት እናትሽ ነበረች፣ ዘገየን ብሎ አለቀሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልለው አሰብኩና ሽበቱን አክብሬ ተውኩት። ቀጥሎ በእሷ ፈንታ አንቺ ስበኪልን አለኝ።

እማዬ፣ ቦታሽን እንዴት ልውሰድ? ምኞቴ አንቺን እዚያ ቆመሽ ማየት ነበር። አንደበትሽ ከተያዘ ወዲህ ስልክ ላይ ትንፋሽሽን ብቻ እየሰማሁ ይህን መናገር ስላቃተኝ ጻፍኩልሽ። ወንድሜ ተገኘ ያነብልሻል። እሺ ካልሽ በደህናው እጅሽ እጁን ጨበጥ አድርጊው፤ እሱ ይደውልልኛል። ካልጨበጥሽውም አልሄድም፤ አልቀየምሽም።

ጌታ ያበርታሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

የበኩር ልጅሽ